የአሮጌ አውሮፕላን የብረት ቱቦ አካል እንዴት ይጠገናል? ከመቁረጣችሁ በፊት እሰሩት

ይህን የምጽፈው ሰዎች ብየዳ ስለማይችሉ አይደለም። ብዙዎቹ ይችላሉ። ችግሩ ሌላ ነው። ጨርቁን ይገፍፋሉ፣ የዛገውን ቱቦ ያያሉ፣ በዚያው ሞቅታ ግራይንደር ያነሳሉ። ሲጨርሱ ቱቦው አዲስ፣ ብየዳውም ያማረ ነው። አውሮፕላኑ ግን ጠማማ ነው። ጭራው ወደ አንድ ጎን ያያል፣ የክንፍ መያዣው ቀዳዳም ከብሎኑ ጋር አይገናኝም። ያንን ማቃናት ከጥገናው ራሱ ይብሳል።

የምናወራው ከብረት ቱቦ ተበይዶ ተሠርቶ ጨርቅ ስለለበሰ አካል ነው። እንደ ፓይፐር ከብ፣ ኤሮንካና ቴይለርክራፍት ያሉትን ማለቴ ነው።

ከመንካታችሁ በፊት

መጀመሪያ የሚፈርመውን ሰው ያዙ። የአካል ቱቦ ቆርጦ መተካት ትልቅ ጥገና ነው፤ ፈቃድ ያለው ባለሙያ አይቶ መፈረም አለበት። ሥራው ካለቀ በኋላ መጥራት ዋጋ የለውም። ቀለም በተቀባ ብየዳ ላይ አስተዋይ ሰው አይፈርምም። ገና ሳትቆርጡ ይምጣ። የትኛው ቱቦ በየትኛው ዘዴ እንደሚጠገን ተስማሙ።

ከዚያ ወረቀቱን ያዙ። የአምራቹ ሥዕልና የጥገና መመሪያ ካለ እሱ ይቀድማል። ከሌለ ወይም ስለ ጉዳቱ ዝም ካለ፣ የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ያወጣው ኤሲ 43.13-1ቢ የሚባል የጥገና መመሪያ አለ። ምዕራፍ 4 ስለ ብየዳና ስለ ቱቦ ጥገና ከነሥዕሉ ያስረዳል። እዚህ የምሰጣችሁ ልኮች መንገዱ እንዲገባችሁ ነው። ስትሠሩ ግን ሥዕሉ አጠገባችሁ ይሁን።

ብረቱ ላይ አትሳሳቱ። የእነዚህ አውሮፕላኖች ቱቦ በአብዛኛው 4130 የሚባለው ክሮም ሞሊ ብረት ነው። በአንዳንዶቹ ግን፣ ፓይፐር ከብን ጨምሮ፣ ደከም ያለው 1025 ተቀላቅሎ ይገኛል። 1025ን በ4130 መተካት በተለምዶ ይቻላል። ተቃራኒውን በፍጹም አታድርጉ። ቱቦው ከነምስክር ወረቀቱ የተገዛ ይሁን። የውሃ ቧንቧና የበር ቱቦ ውፍረቱ ቢመሳሰልም እዚህ ቦታ የለውም።

በመጨረሻ እጃችሁን ፈትኑ። ግድግዳው 0.035 ኢንች (0.9 ሚሊ ሜትር ገደማ) የሆነ ቁራጭ ቱቦ ውሰዱና አሥር መጋጠሚያ ሥሩ። ከዚያ ሞርሳ ላይ አስራችሁ እስኪሰበሩ አጣምሟቸው። ቱቦው ቢቀደድ ጥሩ ነው። ብየዳው ከተላቀቀ ወይም ከጠርዙ ከተሰነጠቀ ገና ናችሁ። አሥር ተጨማሪ ሥሩ።

ደረጃ 1፦ አራግፉ

እያንዳንዱን ነገር ከማንሳታችሁ በፊት ፎቶ አንሱ። ፎቶው ውስጥ ማስመሪያ ይታይ። የሽቦ መያዣ፣ የኬብል መዘውር፣ ትንንሽ የብረት ምላስ፣ ሁሉም ቦታው ይመዝገብ።

ነዳጅ ታንኩን፣ ባትሪውን፣ ሽቦውን፣ እንጨቱንና ስፖንጁን በሙሉ አውጡ። ጨርቁን ገፍፋችሁ ከግቢ አርቁት። አሮጌ ጨርቅ የተቀባው ናይትሬት ዶፕ (ጨርቁን የሚወጥር ቀለም መሰል ልባጥ) ከሆነ በአንድ ብልጭታ ቦግ ይላል። ወለሉ ላይ የረገፈው ብናኝም እንደዚያው ነው፤ እርጥብ አድርጋችሁ ጥረጉ።

የመለያ ቁጥር ያለባትን ሳህን ከሁሉ በላይ ጠብቁ። እሷ ከጠፋች በእጃችሁ ያለው አውሮፕላን ሳይሆን የቱቦ ክምር ነው።

ደረጃ 2፦ አጽዱ

ቀለሙንና ዝገቱን በታመቀ አየር ብናኝ እየነፉ ማንሳት ይቀላል። ግን ቀጭን ቱቦ ነው። ደቃቅ የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ወይም የመስታወት ብናኝ በዝቅተኛ ግፊት ተጠቀሙ። አፈሙዙን አንድ ቦታ አታቁሙ፤ ሸካራ አሸዋ በከፍተኛ ግፊት ቱቦውን ራሱን ይበላል።

ተራ አሸዋ ከነፋችሁ ደግሞ ብናኙ ሳንባ ውስጥ ገብቶ አይወጣም። አሮጌው ቀለም እርሳስ ወይም ክሮሜት ሊኖረው ይችላል፤ ክሮሜት ካንሰር ያመጣል። የጨርቅ ማስክ አይበቃም። ልኩ የሆነ የመተንፈሻ ጭንብል አድርጉ።

ከመንፋታችሁ በፊት ክፍት ቀዳዳዎችን በሙሉ ድፈኑ። ቡሽ (ብሎን የሚያልፍበት የብረት ቀለበት) እና የብሎን ጥርስ ያላቸውን ቦታዎች በቴፕ ጠቅልሉ። ቱቦ ውስጥ የገባ ብናኝ ተመልሶ አይወጣም።

ከተነፋ በኋላ በባዶ እጅ አትንኩት። በማግስቱ የጣታችሁ አሻራ ዝጎ ታገኙታላችሁ። ምርመራው ቀናት የሚወስድ ከሆነ በዚያው ቀን ስስ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባ መከላከያ) ርጩበት። የሚበየደውን ቦታ በኋላ ትፍቁታላችሁ።

ደረጃ 3፦ ዝገቱን አድኑ

በጭራ ጎማ የሚቆም አውሮፕላን ውስጥ ውሃ የሚሄደው ወደ አንድ ቦታ ነው፤ ወደ ኋላና ወደ ታች። ስለዚህ ከጭራው ጀምሩ። የታችኞቹ ሁለት ዋና የቁመት ቱቦዎች ከጭራ ምሰሶው ጋር የሚገናኙበት አካባቢ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ነው። ቀጥሎ የማረፊያ እግሮቹ የተያዙበት መጋጠሚያ፣ ከወለሉ እንጨት ሥር፣ የባትሪው አካባቢ፣ ጨርቅና እንጨት ቱቦውን ተጠግተው እርጥበት የያዙበት ቦታ ሁሉ።

የውጭው ዝገት ይታያል። የሚያሳስበው የውስጡ ነው። ቱቦው ከላይ ሲያዩት ደህና ሆኖ ግድግዳው ወረቀት ሊሆን ይችላል።

እንዲህ ፈትሹ፦

1. በራሱ ስፕሪንግ የሚመታ የምልክት ፓንች ያዙ። በመጀመሪያ ውፍረቱ ተመሳሳይ በሆነ አዲስ ቁራጭ ቱቦ ላይ ምቱና የጉድጓዱን ጥልቀት እዩ።
2. በዚያው ኃይል ከታች በኩል በየ2 ሴንቲ ሜትሩ እየመታችሁ ሂዱ። ድምፁን ስሙ። ደህና ቱቦ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተበላ ቱቦ ድፍን ይላል፣ ምልክቱም ይጠልቃል።
3. ያጠራጠራችሁን ቦታ በአልትራሳውንድ ውፍረት መለኪያ ለኩ። ከላይኛው የቱቦ ጎን ጋር አነጻጽሩ። ዝገቱ ከታች ስለሚሆን ልዩነቱ ይናገራል።
4. እያንዳንዱን መጋጠሚያ በማጉያ መነጽር እዩ። ስንጥቅ የሚጀምረው ከብየዳው ጠርዝ ነው። ያጠራጠረ ካለ ቀለም ሰርጎ ስንጥቅ የሚያሳየውን ፈሳሽ ተጠቀሙ።

ፓንቹ ቢበሳው? እንኳን በሳው። በሰማይ ላይ ከሚበሳ እዚህ ይበሳ። ቱቦው ይቆረጣል።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስህተት አለ። የተበላውን ቁራጭ ብቻ አውጥተው ግማሽ የተበላውን ጫፍ ላይ ይበይዳሉ። ቀጭን በሆነ ግድግዳ ላይ ብየዳ ይበሳል እንጂ አይይዝም። ደህና ብረት እስክታገኙ ድረስ ወደ ኋላ ሂዱ።

ደረጃ 4፦ ለኩ፣ እሰሩ

ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ቀስ እንበል።

የተበየደ አካል እንደ ተወጠረ ነገር አስቡት። እያንዳንዱ ቱቦ ሌላውን ይስባል ወይም ይገፋል። አንዱን ስትቆርጡ ሌሎቹ አዲስ ቦታ ይፈልጋሉ። አንድ ጊዜ በችኮላ ሁለቱንም የታችኛ ቱቦዎች በአንድ ቀን ቆረጥኩ። በማግስቱ ጠዋት ቱምቢ ሳወርድ የጭራ ምሰሶው 6 ሚሊ ሜትር ዞሯል። የነካው ሰው አልነበረም። የራሱ ክብደት በቂ ነበር።

ልኬት

1. አካሉን ጠንካራ የብረት ጠረጴዛ ወይም ረጅም ወፍራም ቢም ላይ አስቀምጡ። ቢሙን ራሱን በውሃ ልክ አስተካክሉ።
2. ከፋየርዎሉ (ሞተሩን ከሰው መቀመጫው የሚለየው ግድግዳ) መካከል እስከ ጭራ ምሰሶው የመሐል መስመር ክር ወጥሩ።
3. በእያንዳንዱ ክፍል (በቱቦዎች የታጠረ አራት ማዕዘን) ላይ ከላይኛው አግድም ቱቦ መሐል ቱምቢ አውርዱ። ከክሩ ምን ያህል እንደሚርቅ ጻፉ።
4. የእያንዳንዱን ክፍል ሁለት ሰያፍ ርቀቶች ለኩ፤ ግራውን ከቀኙ ጋር አነጻጽሩ።
5. የክንፍ መያዣዎቹን፣ የሞተር መያዣ አራቱን ነጥቦች፣ የማረፊያ እግር መያዣዎቹንና የጭራ ምሰሶውን እርስ በርስ ያላቸውን ርቀት ለኩ።

ልኬቱን በቀኑ አንድ ዓይነት ሰዓት ውሰዱ። 6 ሜትር ብረት በ15 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሞቅ ወደ 1 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። ጠዋት ለክታችሁ ከሰዓት ፀሐይ ላይ ብታነጻጽሩ ያልተፈጠረ ስህተት ትፈልጋላችሁ።

ግራና ቀኙ እኩል ካልሆነስ? ወዲያው ለማቅናት አትሩጡ። ከሥዕሉ ጋር አስተያዩ። ሲወጣ ጀምሮ ትንሽ የተዛነፈ፣ ግን በደህና የበረረ አካል አለ። ከአደጋ የመጣ መጣመም ግን የታጠፈ ቱቦ ወይም የተሰነጠቀ መጋጠሚያ ይዞ ይመጣል። እሱን ፈልጉ።

ማሰሪያ

ቁም ነገሩ ቱቦውን ሳይሆን ነጥቦቹን መያዝ ነው። የክንፍ፣ የሞተር፣ የማረፊያ እግርና የጭራ መያዣዎቹን ልካቸው በሆነ ብሎን ከቢሙ ጋር በተበየደ ብረት እሰሩ። ብሎኑ በእጅ መግባትና መውጣት አለበት። በመዶሻ የሚገባ ከሆነ ማሰሪያው አካሉን እያጣመመው ነው።

የበሩ ክፍተት ደካማ ቦታ ነው። ሰያፍ የለውም። ጊዜያዊ ድጋፍ ማዶ ለማዶ ግጠሙ። ድጋፉን በደህናው ቱቦ ላይ አትበይዱ፤ በማሰሪያ ያዙት። መበየድ የሚቻለው ለመጣል በተወሰነ ቱቦ ላይ ብቻ ነው።

ደረጃ 5፦ ቁረጡ፣ ተኩ

ሕጉ አንድ ነው። አንድ ቱቦ ቁረጡ፣ ተኩ፣ ለኩ። ከዚያ ቀጣዩን።

የሚቆረጠው ቦታ ከቱቦው መካከለኛ ሢሶ ውጭ ይሁን። ቱቦ ሲጫን የሚታጠፈው መሐሉ ላይ ነው፤ መጋጠሚያችሁን እዚያ አታድርጉ። በሴጌቶ ቁረጡ። ግራይንደር ፈጣን ነው፣ ጎረቤቱን ቱቦ መንካትም ፈጣን ነው።

ስትቆርጡ ቡናማ ውሃ ቢፈስስ አትደንግጡ፤ ዓመታት የቆየ ነው። ግን ያ ውሃ እስከየት እንደደረሰ ሳታዩ አትቀጥሉ።

ሁለት ዋና ዘዴዎች አሉ። ሁለቱም መጋጠሚያውን የሚያጠናክር ስሊቭ የሚባል አጭር ቱቦ ይጠቀማሉ።

ሀ. ከውጭ የሚጠለቅ ስሊቭ

ይህ ቀላሉ ነው። አዲሱ ቱቦ ቀጥ ተደርጎ ይቆረጣል፤ ከአሮጌው ጫፍ ጋር ያለው ክፍተት በድምሩ ከ1/32 ኢንች (0.8 ሚሊ ሜትር) አይበልጥም። በላዩ ወፍራም ቱቦ ይጠለቃል፤ ጫፎቹም በ30 ዲግሪ የዓሣ አፍ ቅርጽ ይቆረጣሉ። ቀጥ ያለ ብየዳ ቱቦውን ዙሪያውን በአንድ መስመር ያዳክመዋል። የዓሣ አፉ ግን ጫናውን ርዝመት ላይ ይበትነዋል።

ለስሊቭ የሚሆን ቱቦ ስትገዙ ይህን አስታውሱ፦ ግድግዳው 0.058 ኢንች የሆነ ቱቦ፣ በውጭ ስፋቱ 1/8 ኢንች በሚያንሰው ቱቦ ላይ ልክ ይጠልቃል። 7/8ቱ 3/4 ላይ፣ 1 ኢንቹ 7/8 ላይ እንደዚያ።

ጉድለቱ ከጨርቁ ሥር ጎልቶ መታየቱ ነው። ጨርቅ የሚነካው ቱቦ ላይ አልወደውም።

ለ. ከውስጥ የሚገባ ስሊቭ

ላዩ ለስላሳ ይሆናል። ብዙ ሰው የሚፈራው ግን ስሊቩን እንዴት እንደሚያስገባ ስለማይገባው ነው። ሁለቱም ጫፍ አካሉ ላይ የተያዘ ነው፤ ስሊቩ ከየት ይግባ? ዘዴው እንዲህ ነው፦

1. የተበላውን ክፍል በ30 ዲግሪ ሰያፍ ቁረጡ። አዲሱንም በዚያው ሰያፍ ቁረጡ፤ በእያንዳንዱ ጫፍ 1/8 ኢንች (3 ሚሊ ሜትር ገደማ) ክፍተት ይቅር።
2. ስሊቩ ውስጥ ልክ የሚገባ፣ ግድግዳውም ከዋናው ያልሳሳ ይሁን። ከሰያፉ ቅርብ ጫፍ ወዲህም ወዲያም ቢያንስ የቱቦውን ስፋት አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ይለፍ።
3. በአካሉ ላይ በቀረው ጫፍ፣ ከሰያፉ ራቅ ብሎ 1/8 ኢንች ቀዳዳ ብሱ። ቦታውን ከሥዕሉ ውሰዱ።
4. በቀዳዳው ቀጭን የብየዳ ሽቦ (1/16 ኢንች) አስገቡና በቱቦው አፍ አውጡት። የሽቦውን ጫፍ ከስሊቩ ጠርዝ ጋር በይዱት።
5. ሽቦውን እየሳባችሁ ስሊቩን ሙሉ በሙሉ ወደ አሮጌው ቱቦ ውስጥ አስገቡት። አሁን ቦታው ነጻ ነው።
6. አዲሱን ቱቦ ቦታው ላይ አድርጉ። ሽቦውን ግፉት፤ ስሊቩ ተመልሶ ወደ አዲሱ ይገባል። መሐሉ ላይ አስቀድማችሁ የጫራችሁት ምልክት በክፍተቱ መሐል ሲታይ አቁሙ።
7. በይዱ። ሽቦውን ከላዩ ቁረጡና ቀዳዳውን በብየዳ ድፈኑ።

ስሊቩ መሐል መንገድ ቢነክስ? በኃይል አትግፉ፤ ሽቦው ይላቀቃል፣ ስሊቩም እዚያው ይቀራል። መልሳችሁ አውጡና የአሮጌውን ቱቦ የውስጥ ዝገትና ስፌት በክብ ሞረድ አጽዱ። ሳትበይዱ ሁለት ሦስት ጊዜ ማስገባት ማስወጣት ተለማመዱ።

መጋጠሚያ ላይ የሚያርፍ ቱቦ

ጫፉን ከሌላው ቱቦ ክብ ጋር እስኪሳሳም ሞርዱ። የወረቀት ሞዴል ይረዳል፤ ቱቦው ላይ ጠቅልሉ፣ መስመሩን አስምሩ፣ ቁረጡ። ብርሃን በሰፊው የሚያሳልፍ ክፍተት ካለ ቱቦውን ጣሉት። ክፍተት በብየዳ መሙላት ሙቀት መጨመር ነው፤ ሙቀት ደግሞ መጣመም ነው።

ደረጃ 6፦ በይዱ

በሚበየደው ቦታ ግራና ቀኝ ቢያንስ 3 ሴንቲ ሜትር ብረቱ ነጭ እስኪሆን አጽዱ። ለማጽጃ አሴቶን ተጠቀሙና እስኪደርቅ ጠብቁ። ክሎሪን ያለበት የፍሬን ማጽጃ በፍጹም አታስጠጉ። ከብየዳ ቅስት ጋር ሲገናኝ ፎስጂን የሚባል ገዳይ ጋዝ ይፈጥራል። ካድሚየም ወይም ዚንክ የተለበጠ ብሎንም አውጡ፤ ጭሱ መርዝ ነው።

ናስ የተቀለጠበት አሮጌ ጥገና ካገኛችሁ በላዩ አትበይዱ። ናሱ ወደ ብረቱ ሰርጎ ይሰነጥቀዋል። ያ ክፍል ተቆርጦ ይወጣል።

ጋዝ ወይስ ቲግ (በማይነድ ጋዝ የተከለለ የኤሌክትሪክ ቅስት ብየዳ)? ሁለቱም ይሠራል። በጋዝ ከሆነ ነበልባሉ ሚዛናዊ ይሁን፤ የውስጡ ቀንድ ጥርት ያለ፣ ላባ የሌለው። አሲታይሊን ከበዛ ካርቦን ይጨምርና ብረቱን ተሰባሪ ያደርጋል፤ ኦክስጅን ከበዛ ያቃጥለዋል። በቲግ ከሆነ ለ0.9 ሚሊ ሜትር ግድግዳ ከ30 እስከ 40 አምፔር ጀምሩ፤ ኢአር70ኤስ-2 የሚባለው የብየዳ መሙያ ዘንግ ይስማማዋል። ቲግ ሙቀቱን ያጠብባል፣ ግን ለቆሻሻ ምሕረት የለውም። ጋዝ ደግሞ ዙሪያውን ስለሚያሞቅ ቀስ ብሎ ይበርዳል፤ ለአሮጌ ብረት እኔ እሱን እመርጣለሁ።

ቅደም ተከተሉ፦

1. አራት ቦታ በነጥብ ብቻ ያዙ፤ ነጥቦቹ ፊት ለፊት እየተቃረኑ።
2. ለኩ። ቱቦው ከዞረ አሁን ነው የሚመለሰው።
3. የዙሪያውን አንድ አራተኛ በይዱ፤ ከዚያ ወደ ተቃራኒው ሂዱ። ብየዳ ሲበርድ ወደ ራሱ ይስባል፤ ተቃራኒው መልሶ ይስበዋል።
4. ወደ ሌላ መጋጠሚያ ሂዱ። አንዱን ቦታ አታግሉት።
5. ከጨረሳችሁ በኋላ በራሱ ይቀዝቅዝ። ውሃ፣ የታመቀ አየር፣ እርጥብ ጨርቅ ሁሉም ክልክል ነው። መስኮትና በር ዝጉ። 4130 ቀይ እንዳለ ድንገት ቢበርድ ይደርቅና ከጠርዙ ይሰነጠቃል።

ብየዳው መጨረሻ ላይ ቢተፋ? በሁለት ጫፍ የተዘጋ ቱቦ ውስጥ ያለው አየር ሞቆ ይስፋፋል፤ የመጨረሻዋን ቀልጣ ያለች ነጥብ ይበሳታል። ብዙ ሰው ዘንግ እየጨመረ ሲታገል ያመሻል። መፍትሔው አስቀድሞ መተንፈሻ መተው ነው። መጋጠሚያው በሚሸፍነው ቦታ፣ በዋናው ቱቦ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ብሱ፤ አየሩ ወደ ጎረቤቱ ይወጣል። አየር ማውጫ ጨርሶ ከሌለ ትንሽ ቀዳዳ ተዉለትና ሲቀዘቅዝ ዝጉ።

ቀዳዳ ቢቃጠል? አቁሙ። ይብረድ። ትንሽ ከሆነ ከጠርዙ ጀምራችሁ በዘንግ ሰብስቡት። ከሰፋ ቱቦውን ቀይሩ፤ የተጠራቀመ ብየዳ ጥገና አይደለም።

ስንጥቅ ቢወጣ? በላዩ አትበይዱ። አሮጌውን ብየዳ በሙሉ ፍቃችሁ አውጡ፣ ምክንያቱን ፈልጉ (ንፋስ፣ ቆሻሻ፣ የተወጠረ ቱቦ)፣ ከዚያ እንደገና።

ብየዳውን ለማሳመር በሞረድ አትላጩ። ስትላጩት የምታነሱት ጥንካሬውን ነው።

ደረጃ 7፦ እንደገና ለኩ

አካሉ ማሰሪያው ላይ እንዳለ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፍቱ። በእጅ ከወጡ ደስ ይበላችሁ። ሲፈታ ጠብ ብሎ የሚዘልል ካለ አካሉ ተወጥሯል፤ የመጨረሻ የበየዳችሁት ቱቦ ነው የሚጠረጠረው። እሱን ከአንድ ጫፍ ቁረጡ፣ ይረፍ፣ ክፍተቱን እዩ። ቱቦው ረዝሞ ወይም አጥሮ እንደነበር ራሱ ይነግራችኋል።

ከዚያ የደረጃ 4ን ልኬት ከሀ እስከ ፐ ድገሙት። የሚፈርመውን ሰው አሁን ጥሩ፤ ብየዳው ገና ራቁቱን ሳለ።

ደረጃ 8፦ ውስጡን ዘይት፣ ላዩን ቀለም

የቱቦው ውስጥ በተልባ ዘይት ይታከማል። ዘይቱን ቢያንስ 71 ዲግሪ ሴልሺየስ አሙቁ፣ በትንሽ ቀዳዳ አስገቡ፣ አካሉን እያገላበጣችሁ ሁሉም ጋ እንዲደርስ አድርጉ፣ ትርፉን አፍስሱ፣ ቀዳዳውን ዝጉ። ብየዳ ሙሉ በሙሉ ካለቀ በኋላ ብቻ! ዘይት የገባበትን ቱቦ መልሶ መበየድ ጭስና አረፋ ነው። በዘይት የተነከረውን ጨርቅ ደግሞ ጨምድዳችሁ ጥግ አትጣሉት፤ በራሱ ይሞቅና ይነዳል። ዘርግታችሁ አድርቁት።

ሌላም ጥቅም አለው። በማግስቱ ዞር ብላችሁ እዩ። ከብየዳ ጠርዝ ላይ የወጣች አንዲት የዘይት ጠብታ ካለች ዓይን ያላያት ቀዳዳ አለች ማለት ነው። ውሃም በዚያው ይገባ ነበር። የሚፈርመው ሰው አይቶ ይወስን።

ላዩን በአሴቶን ጠርጋችሁ ሁለት አካል ያለው ኢፖክሲ ፕራይመር ቀቡ። ተራ ፕራይመር ቢቀባ የጨርቁ ማጣበቂያ ያሟሟዋል፤ ጨርቁም ከነቀለሙ ይነሳል። የዱቄት ቀለም ያምራል፣ ይጠነክራልም፤ ግን ወፍራም ስለሆነ ከሥሩ ያለ ስንጥቅ አያሳይም። እኔ አልጠቀምበትም። ከላይ ነጣ ያለ ቀለም ምረጡ፤ ነገ ስንጥቅ ሲጀምር ዝገቱ እንደ ፀጉር ቀጭን መስመር ሆኖ ይታያል።

ጨርቅ ከማልበሳችሁ በፊት ክንፉን፣ ጭራውን፣ ማረፊያ እግሩን፣ ወለሉን፣ ወንበሩንና ኬብሉን በሙሉ ለሙከራ ግጠሙ። የደረጃ 1ን ፎቶዎች አውጡና የብረት ምላሶቹን አንድ በአንድ ቁጠሩ። የተረሳች አንዲት የኬብል መያዣ ሁልጊዜ አለች።